የቤት ስፌት መኪና መካኒኩ ባለቤቱ ነው

የልብስ ስፌት መኪና ከሥራ መሣሪያነት ወደ ቤት ማሳመሪያነት የሚወርደው በአንድ ቀን አይደለም። ሲመጣ በደስታ ነው የሚገባው። አንዱ ከሱቅ ተገዝቶ፣ አንዱ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ተልኮ፣ አንዱም ለሥራ ፈጠራ ተብሎ ታድሎ ይመጣል። ለጥቂት ቀናት የትራስ ልብስና መጋረጃ ይሰፋበታል። ከዚያ ክር ይበጠሳል፣ ከጨርቁ ሥር ይተበተባል፣ መርፌ ይሰበራል። «ይሄ መኪና አይረባም» ይባልና ዳንቴል ለብሶ ጥግ ይይዛል፤ ውሎ አድሮም የቴሌቪዥን ወይም የአበባ ማስቀመጫ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ጥግ ለያዘው ለዚያ መኪና ነው። የቤት ስፌት መኪና አልሠራ ሲል ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ነገር አይገኝበትም። የሚገኘው በተቃራኒው የገባ መርፌ፣ መንገዱን የሳተ ክር፣ የደረቀ ዘይት ወይም የላላ ቺንጋ ነው። እነዚህን ለማረም ካቻቢቴ፣ ትንሽ ብሩሽና ጥቂት ጠብታ ዘይት ይበቃል። ስለዚህ መኪናን ማስተካከል ለመካኒክ የሚተው ሥራ መሆን የለበትም፤ የስፌት ትምህርት የመጀመሪያው ምዕራፍ እርሱ ነው። ቅድና ሞዴል ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ጉዳይ በትክክል ይሠራል።

ይህን ክርክር ለማንሳት ድሬዳዋ ተገቢ ቦታ ናት። ከተማዋን የቆረቆራት ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. የደረሰባት የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ፣ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ፣ ከባሕር የሚመጣው ዕቃ ወደ መሐል አገር የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነበር። የምድር ባቡሩ የጥገና ጋራዥ ያረጁ ሎኮሞቲቮችንና ፉርጎዎችን ለአሥርት ዓመታት ሥራ ላይ ያቆየው መለዋወጫውን በራሱ ቶርኖ እየቀረጸ፣ እያጠበና ዘይት እየቀባ ነው። ጨርቁም ለድሬ እንግዳ አይደለም። በቀድሞ ስሙ ኮተን ካምፓኒ ኦፍ ኢትዮጵያ ይባል የነበረው የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና የተባለው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲገነባም ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ከታሰቡለት ዘርፎች መካከል ነበሩ። ማሽንን በእንክብካቤ ማኖር የሚያውቅ ከተማ፣ ጨርቅን ከጥጥ ጀምሮ የሚያውቅ ከተማ፣ በየቤቱ ያለውን ትንሽ ማሽን ግን ለዳንቴል አሳልፎ ሰጥቷል። የጎደለው በጋራዡ ያለውን ልማድ ወደ ሳሎን ማስገባት ነው።

የመኪናው ዋጋ ስንት እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ይጠቅማል። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1845 ቦስተን ውስጥ መኪናውን ከአምስት የእጅ ሰፊዎች ጋር አወዳድሮ አሸነፈ፤ በደቂቃ 250 ያህል ጊዜ ይወጋ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። አይዛክ ሲንገር በ1851 የራሱን አሻሽሎ አወጣ፤ ኩባንያው ከ1856 ጀምሮ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ሲጀምር ዕቃው ከፋብሪካ ወጥቶ መኖሪያ ቤት ገባ። በዚያን ዘመን አሜሪካ ውስጥ በወጣ ንጽጽር አንድ የወንድ ሸሚዝ በእጅ ከ14 ሰዓት በላይ ሲፈጅ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ቁጥሩን ያወጡት መኪና ሻጮች ስለነበሩ ይቀነስለት ቢባል እንኳ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። ማሽንን አጥብቆ ይተች የነበረው ማህተመ ጋንዲ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ1924 የሲንገርን መኪና ከተቃውሞው ነጥሎ አውጥቶታል። ምክንያቱ ማሽኑ የአንድን ሰው ድካም የሚያቃልል፣ ሰውየውን ግን የማያፈናቅል ሆኖ ስላገኘው ነው። ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው ግን መኪናው ሲሠራ ብቻ ነው። ክር እየበጠሰ የሚያንገላታ መኪና ከእጅ መርፌ የባሰ ጊዜ ይበላል።

ስፌቱ እንዴት እንደሚፈጠር

ማስተካከል የሚጀምረው ስፌቱ እንዴት እንደሚፈጠር ከማየት ነው። የእጅ መርፌ ቀዳዳው ከኋላው ነው፤ የመኪና መርፌ ቀዳዳው ጫፉ አጠገብ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ናት ሁሉን የለወጠችው። መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ጨርቁን በስቶ ይወርዳል። እስከ ታች ደርሶ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሲመለስ ክሩ በአንድ ጎኑ ለቀቅ ብሎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት የሚዞረው መንጠቆ ይደርስና ቀለበቱን በጫፉ ይለቅመዋል፤ ያሰፋዋል፤ የታችኛውን ክር በያዘው ቦቢን ዙሪያ ያዞረዋል። ከላይ ያለው ክር ሳቢ ክንድ ሽቅብ ሲነሳ ቀለበቱ ይጠብቅና ሁለቱ ክሮች በጨርቁ ውፍረት መካከል ይቆላለፋሉ። መርፌው ከጨርቁ እንደወጣ ከሥር ያሉት ጥርሶች ብቅ ብለው ጨርቁን አንድ እርምጃ ይገፉታል። መርፌ፣ መንጠቆ፣ ክንድና ጥርስ በሰዓታቸው የሚገናኙበት ይህ ዑደት በደቂቃ መቶዎች ጊዜ ይደጋገማል። የመሣሪያውን ፊት ከፍቶ መዘውሩን በእጅ ቀስ እያለ ያዞረ ሰው ሁሉንም በዓይኑ ያየዋል። አንድ ጊዜ ያየ ሰው «ለምን አይሰፋም?» የሚለውን ጥያቄ «ቀለበቱ የት ላይ ጠፋ?» ወደሚል ጥያቄ ይለውጠዋል፤ ይህኛው መልስ አለው።

የመርፌው ቅርጽ ራሱ ይህን መልስ ይዟል። የቤት መኪና መርፌ አናቱ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ነው። በሌላኛው ወገን ከላይ እስከ ቀዳዳው የሚወርድ ረጅም ቦይ አለው፤ ክሩ ጨርቁን ሲበሳ የሚደበቀው በዚያ ውስጥ ነው። በጠፍጣፋው ወገን ከቀዳዳው ከፍ ብሎ የተሰረጎደች ቦታ አለች፤ መንጠቆው ሳይነካ የሚያልፍባት ናት። እንግዲህ ሕጉ ቀላል ነው። ክሩ የሚገባው ቦዩ ካለበት ወገን ሲሆን ጠፍጣፋው ወገን ወደ መንጠቆው ይዞራል። በብዙዎቹ የዛሬ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ጠፍጣፋው ወደ ኋላ ነው፤ በአሮጌዎቹ ባለ ጥቁር ብረት መኪናዎች ወደ ጎን ነው፣ የትኛው ጎን እንደሆነም ከመርፌው በላይ ያለው የመጨረሻው የክር ማለፊያ ይናገራል። መርፌው ዞሮ ከገባ ቀለበቱ መንጠቆው በሌለበት በኩል ይሠራል። መኪናው ይሮጣል፣ መርፌው ይበሳል፣ ስፌት ግን የለም። መርፌው እስከ ላይኛው ጣሪያ ሳይገፋ ብሎኑ ከጠበቀም ያው ነው፤ ቀለበቱ ዝቅ ይልና መንጠቆው ይስተዋል። «ተበላሸ» ተብሎ ወደ ጥግ ከሚሄደው መኪና ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው።

ከመስፋት በፊት ያለው ሰዓት

መኪናው የሚቀመጥበት ወለል ደልዳላ መሆን አለበት። የእግር መርገጫ ያለው ከሆነ አራቱም እግሮች መሬት ሊነኩ ይገባል፤ የሚወዛወዝ መኪና ስፌቱን ያጣምማል፣ ብሎኑን ያላላል። ብርሃን ከሰፊው በስተግራ ቢመጣ የእጅ ጥላ መርፌው ላይ አይወድቅም። ቀጥሎ ያለ ክርና ያለ ጨርቅ እግርን ማለማመድ ነው። በመዘውሩ መሐል ያለው ክብ ቁልፍ ሲላላ መርፌው ይቆምና መዘውሩ ብቻውን ይዞራል፤ ተረከዝና ጣትን እያፈራረቁ መዘውሩ ሁልጊዜ ወደ ራስ እንዲዞር ማድረግ እስኪለመድ ድረስ መርገጥ ነው። በአብዛኞቹ መኪናዎች ወደ ኋላ መዞር ክሩን ያጠላልፋል፣ ይበጥሳል። የቆዳ ቺንጋው ከእርጅና ብዛት ሲለጠጥ መርገጫው እየሠራ መዘውሩ ይዝላል። መፍትሔው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቆርጦ ማያያዣ ሽቦውን መልሶ መግጠም ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና እግሩ ሳይገራ ጨርቅ የሚያቀርብ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያበላሸው ጨርቁን ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የራሱ ጥንቃቄ አለው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ የሚላክ መኪና ደግሞ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ሞተሩ ወይም የእግር ፔዳሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት በሞተሩና በፔዳሉ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። የቤት መኪና ሞተር ብዙውን ጊዜ 100 ዋት አካባቢ ስለሆነ ትልቅ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል ልማድ ይሁን፤ መብራቱ በድንገት ከፍ ብሎ ሲመለስ እግር ፔዳል ላይ ካለ መርፌው በጣት አጠገብ ይነሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ሰው ደግሞ ሌላ አማራጭ አለው። ብዙዎቹ ባለ ጥቁር ብረት መኪናዎች ጎናቸው ላይ ሞተር የሚታሰርበት ቦታ ስላላቸው በመርገጫው ላይ ሞተር ማከል ይቻላል። መብራት ሲኖር በሞተር፣ ሲጠፋ በእግር ይሠራል። ዋስትና ለሚፈልግ ቤት ከዚህ የተሻለ ስምምነት ማግኘት ይከብዳል።

ክር ማስገባት ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው። በቅድሚያ ጨርቅ የሚጫነው እግር ወደ ላይ ይነሳል፤ እግሩ ሲነሳ ክሩን የሚጨብጡት ሁለት ክብ ሳህኖች ስለሚላቀቁ ክሩ በመካከላቸው ገብቶ ይቀመጣል። እግሩ ወርዶ ክር የሚያስገባ ሰው ክሩን ከሳህኖቹ ውጭ ያንሳፍፈዋል። ከዚያ ከጨርቁ ሥር የክር ክምችት ይወጣል፤ ሰውም የታችኛውን ክር መውቀስ ይጀምራል። ከታች የተተበተበ ክር ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው፤ ይህን አንድ ነገር ማወቅ ብቻ ብዙ መኪና ከጥግ ያስነሳል። ክር ሳቢውን ክንድ መዝለልም ያንኑ ጣጣ ያመጣል። ቦቢኑ ሲጠቀለል ክሩ ሳይላላና ሳይቆለል እኩል መሞላት አለበት። ሁሉም ሲያልቅ መዘውሩን በእጅ አንድ ጊዜ አዙሮ የታችኛውን ክር ማውጣት፣ ሁለቱንም ጫፎች ከእግሩ ሥር ወደ ኋላ መዘርጋት፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ስፌቶች በጣት ይዞ መጀመር ነው። ክሩም ይመረመር። በፀሐይ የከረመ ክር በሁለት እጅ ሲጎተት በቀላሉ ከተበጠሰ መኪናው ላይም ይበጠሳልና አይገዛም።

ውጥረቱ ተስተካከለ የሚባለው የጨርቁ ሁለት ፊት ሲመሳሰል ነው። ይህን ለማየት ከላይና ከታች ሁለት የተለያየ ቀለም ክር አድርጎ ከሚሰፋው ጨርቅ ቁራጭ ላይ አንድ መሥመር መስፋት ይበቃል። የታችኛው ክር ቀለም ከላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከታየ የላይኛው ውጥረት በዝቷል፤ ላላ ይደረግ። የላይኛው ቀለም ከሥር ከታየ ተቃራኒው ነው፤ ጠበቅ ይደረግ። ከ0 እስከ 9 የተቆጠረ ማስተካከያ ባለው መኪና 4 አካባቢ መነሻ ይሆናል። የቦቢን ቤቱ ተነጥሎ የሚወጣ ከሆነ በክሩ አንጠልጥሎ እጅን ቀስ ብሎ መንጠቅ ነው፤ ትንሽ ሸርተት ብሎ ከቆመ ልኩ ነው። ያለማቋረጥ ከወረደ ላልቷል፣ ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ጠብቋል። እዚያ ያለችው ብሎን ግን በጣም ጥቂት በጥቂት ነው የምትነካው፤ ጀማሪ ከላይኛው ማስተካከያ ቢጀምር ይሻለዋል። አንድን ነገር ብቻ መለወጥ፣ ሰፍቶ ማየት፣ ከዚያ ሌላውን መለወጥ የዚህ ሥራ መላው ምስጢር ነው።

የድሬ አየርና የድሬ ጨርቅ

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃትና አቧራማ ከተማ ናት፤ ይህ በመኪናውም በጨርቁም ላይ ይታያል። አቧራ ከዘይትና ከጨርቅ ብናኝ ጋር ሲደባለቅ ብረትን የሚበላ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ መኪናውን መሸፈን፣ በመንጠቆው ዙሪያና በጥርሶቹ መካከል ያለውን ብናኝ በብሩሽ መጥረግ፣ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ሁሉ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ ይገባል። ብዙ የሚሠራ መኪና በየቀኑ፣ አልፎ አልፎ የሚሠራ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ይቀባል፤ ከዚያ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ተነድቶ ትርፉ ዘይት ይጠረጋል። የወጥ ዘይት በፍጹም አይደረግም፤ ሲውል ሲያድር ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። እንዲህ የተጣበቀ መኪና ሲያጋጥም ጥቂት ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጎ መዘውሩን በእጅ ማዞር ያረጀውን ዘይት ያሟሟዋል፤ ጋዙ ተጠርጎ አዲስ ዘይት ይተካል። ይህ ሲደረግ ሶኬቱ የተነቀለ፣ እሳትም የራቀ መሆን አለበት። በውስጣቸው የፕላስቲክ ጥርስ ያላቸው አዳዲስ መኪናዎች ግን ጋዝ ሊነካቸው አይገባም፤ ዘይት የሚደረግባቸውም አብሯቸው የመጣው መመሪያ ባመለከተው ቦታ ብቻ ነው።

ጨርቁን በተመለከተ የምሥራቁ ቆላ ልብስ ስስ ነው። ሽቲና ድሪዓ የሚባሉት ልብሶች የሚሠሩበት ነፋስ የሚያስገባ ጨርቅ በወፍራም መርፌ ከተሰፋ ይቦጨቃል፤ በጠበቀ ክር ከተሰፋ ይሸበሸባል። መርፌ በቁጥር ነው የሚገዛው። 90 የተባለው ውፍረቱ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለአቡጀዲና ለሸሚዝ 80 ወይም 90፣ ለጂንስና ለወፍራም ካኪ 100 ወይም 110 ይስማማል። የስፌቱ ርዝመት ለመደበኛ ጨርቅ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ለስስ 2፣ ለወፍራም ከ3 በላይ ይደረጋል። የሚያንሸራትት ስስ ጨርቅ ጥርሶቹ ውስጥ እየገባ ሲያስቸግር ከሥሩ ስስ ነጭ ወረቀት አድርጎ አብሮ መስፋትና በኋላ ወረቀቱን ቀዶ ማውጣት ነው። ጨርቁ በእጅ አይጎተትም፤ ጥርሶቹ ራሳቸው ይወስዱታል። የሚጎትት እጅ መርፌውን ያጎብጠዋል፣ የጎበጠ መርፌ ብረቱን ይመታና ይሰበራል። መርፌ ከስምንት ሰዓት ያህል ስፌት በኋላ ይደንዛል፤ መቀየር ከልብሱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

መጀመሪያ ምን ይሰፋ?

አዲስ ባለ መኪና ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቀሚስ ሊሰፋ ሲነሳ ነው። ቀሚስ ቅድ፣ ልክ፣ አንገት፣ እጅጌና ዚፕ አለው፤ አምስት ሙያ በአንዴ ይጠይቃል። የቤት መኪና ዋጋውን ቶሎ የሚመልሰው በጥገናና በቀጥታ መሥመር ሥራ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ቅምቅማት መልቀቅ፣ የተተረተረ ጎን መግጠም፣ ከአሸዋ ወይም ከታይዋን ገበያ የተገዛ ረጅም ሱሪ ማሳጠር፣ የሽርጥ ጫፍ መስፋት፣ የመጅሊስ ትራስ ልብስ ማደስ፣ መጋረጃ መቀምቀም፣ የተቀደደ አጎበር ላይ እራፊ መጣፍ። ከእነዚህ አንዱም ሞዴል አይጠይቅም፤ ሁሉም ቀጥ ያለ መሥመር መንዳትን ያስተምራሉ። በተለይ አጎበሩ ችላ አይባል። ወባ በሚያሰጋት ከተማ ውስጥ የተቀደደ አጎበር መጣፍ የልብስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህ መንገድ ለወራት የሠራ እጅ ቀሚስ ሲጀምር መኪናው አያስቸግረውም፤ ትኩረቱን ሁሉ ለቅዱ ይሰጣል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። ልባሽ ጨርቅና ከውጭ የሚገባ አዲስ ልብስ በሞላባት ድሬዳዋ በቤት መስፋት ምን ትርፍ አለው? ጥያቄው ተገቢ ነው። አዲስ ሸሚዝ ከገበያ ባነሰ ዋጋ በቤት መስፋት ዛሬ ከባድ መሆኑን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ርካሽ ልብስ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከጨርቁ ቀድሞ በስፌቱ ነው። ጨርቁ ገና ደህና ሳለ ብብቱ ይተረተራል፣ የሱሪው መቀመጫ ይለቃል፣ ኪሱ ይወልቃል። ልባሽ ጨርቅም ለሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ነው። አንድ መሥመር ስፌት የልብሱን ዕድሜ በዓመት ካራዘመው ትርፉ እዚያ ነው። እንዲያውም ገበያው በርካሽ ልብስ በሞላ ቁጥር የሚጠገነውና የሚስተካከለው ይበዛል። ርካሹ ልብስ የቤት መኪናን ከንቱ አያደርገውም፤ ሥራ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሰፊውን እንጀራ የሚመለከት ነው። ሁሉም በቤቱ ከሰፋ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚያድረው ሰው ምን ይብላ? ይህ ስጋት ጥንታዊ ነው። ፈረንሳዊው ባርተለሚ ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 የስፌት መኪና መብት ሲያገኝና ፓሪስ ውስጥ የወታደር ልብስ መስፋት ሲጀምር እንጀራቸው የሚጠፋ የመሰላቸው ሰፊዎች የሥራ ቤቱን ሰብረው መኪናዎቹን አወደሙ። ታሪኩ ግን እነሱ እንደፈሩት አልሄደም፤ መኪናው የሰፊው ዋና መሣሪያ ሆነ። ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው ሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ለዚህ ምስክር ነው። ጨርቅ ሻጮቹ ሱቆች ፊት ለፊት ሰፊዎች መኪናቸውን ዘርግተው ይሠራሉ፤ ደንበኛ ጨርቁን ገዝቶ እዚያው ያሰፋል። የተሰፋ ልብስ አገሩን ሞልቶ ሳለም መንገዱ አልተዘጋም። ሰፊው የሚኖርበት ሙያ ልክ መውሰድ፣ መቅደድና አካልን የሚያስማማ ልብስ መሥራት ነው። ጥቂት የማሳጠር ሥራ ከእጁ መውጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ስፌት የሚያውቅ ደንበኛ ጥሩ ስፌት ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል፤ ኦቨርሎክ ለማስመታት፣ ኮት ለማሰፋት፣ ቅድ ለመማር ተመልሶ የሚመጣውም እርሱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው። የስፌት መኪና ቤት ውስጥ ሲገባ በሴቶች ጫንቃ ላይ ሌላ ሥራ ይጨምራል፤ «ለሴት መኪና ስጧት» የሚለው አሳብም ሴቶችን ከቤት እንዳይወጡ ያደርጋል የሚሉ አሉ። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። መኪናው በራሱ ግን ጾታ የለውም። ሐረር መኪና ግርግር ላይ መርገጫውን ሲረግጡ የኖሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ለገንዘብ ሲሆን የወንድ ሙያ፣ ያለ ክፍያ ሲሆን የሴት ግዴታ ያደረግነው እኛው ነን። መድኃኒቱ መኪናውን ከቤት ማስወጣት ሳይሆን በቤቱ ያለ ሁሉ እንዲነዳው ማድረግ ነው። ሱሪውን ራሱ የሚያሳጥር ወንድ ልጅና መኪናውን ራሷ ፈትታ የምታጸዳ ሴት ልጅ ያሉበት ቤት ሥራውን ይከፋፈለዋል። መካኒክነትን የስፌት ትምህርት አካል ማድረግ የሚያስፈልገውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። መኪናዋ በቆመ ቁጥር የሌላ ሰው እጅ የምትጠብቅ ሴት መሣሪያ ተሰጣት እንጂ አቅም አልተሰጣትም።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ነው። መኪና የሚያድል ድርጅት ወይም ጽሕፈት ቤት አብሮ መለዋወጫ መርፌ፣ ዘይት፣ ብሩሽና ካቻቢቴ ይስጥ፤ ከቀሚስ ሥልጠና በፊትም መፍታት፣ ማጽዳት፣ ክር ማስገባትና ውጥረት ማስተካከል ያስተምር። ሠልጣኙ የተማረ የሚባለው ሆን ተብሎ የተዛባ መኪና ሲሰጠው አስተካክሎ ቀጥ ያለ መሥመር ሲሰፋ ይሁን። ዘመዱ መኪና የሚልክለት ሰው ቮልቱን አስቀድሞ ይጠይቅ። መኪናው ቤቱ ያለ ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ነገር የለም። ዳንቴሉን ያንሳ፣ ሶኬቱን ይንቀል፣ ብናኙን ይጥረግ፣ ዘይት ያድርግ፣ አዲስ መርፌ ያስገባ፣ ክሩን ከመነሻው ጀምሮ እንደገና ያስገባ፣ መዘውሩንም በእጁ እያዞረ መንጠቆው ቀለበቱን ሲለቅም ይመልከት። ይህን አድርጎም አሁንም የማይሰፋ ከሆነ ያን ጊዜ መካኒክ ይጥራ፤ ያን ጊዜ የሚጠራውም ምን እንደጎደለ ነግሮ ነው።